ከመርካቶ በፊት የሰፈር ሱቅ

በኛ አገር «ካሽ አለህ?» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚዳብሰው ኪሱን ነው። የኮምፒውተር ሰዎች «ካሽ አለው?» ሲባባሉ ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ይለያያል፤ በፊደላችን ሲጻፉ ግን መንታ ይሆናሉ። የኮምፒውተሩ ካሽ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሥሩም «መደበቅ» ማለት ነው። ለቅርብ ጊዜ የተሸሸገ ስንቅ እንደ ማለት። እኛ በመምታታቱ ብዙም አልከፋንም። የዛሬው ጨዋታችን የኪሱ ካሽ ያጠረው ሰው የኮምፒውተሩን ካሽ እንዴት እንደሚያበጅ ነውና።

«እኛ» ስንል አራት ጓደኛሞች ነን። ሚሊኒየሙን በተቀበልንበት በ2000 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ ስንፈልግ፣ ኪራይ ለመጋራት አንድ ቤት ገባን፤ በመዋጮም አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛን። እንጀራችን መተየብ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የእድር ቃለ ጉባኤ፣ የሠርግ መጥሪያ ሳይቀር እንተይባለን፤ ክፍያው በገጽ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስ ቪስታ ተጭኗል፤ ራሙ ግን 512 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ይህ መጠን ቪስታ «ከዚህ በታች አልሠራም» ያለበት ወለል ነው። ወለል ላይ የሚተኛ ሰው የመውደቅ ሥጋት የለበትም፤ ብርዱ ግን አይለቀውም።

ብርዱ እንዲህ ነበር። አንዳችን ወርድ ላይ እየተየብን ሳለ የደንበኛ ፎቶ ለመክፈት ከተሞከረ ማሽኑ ይቆማል። ዲስኩ እንደ ሩቅ ወፍጮ ያጉረመርማል፣ ከፊት ያለችው ትንሽ መብራት ሳታቋርጥ ትብለጨለጫለች፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል ግን የሚሰማው የለም። አንድ ገጽ ለመጨረስ ከሚወስደው ጊዜ ብዙውን የምናሳልፈው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ነው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከመሰልቸት አልፎ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ። መብራት ባለበት ቀን ያላለቀ ሥራ በማግስቱ አያልቅም፤ ደንበኛውም ወረቀቱን ሰብስቦ ሌላ ጸሐፊ ቤት ይሄዳል። እያንዳንዷ የማሽኑ ማንቀላፋት ከቤት ኪራያችን ላይ ትቆረስ ነበር።

መፍትሔው ራም መጨመር እንደሆነ እናውቃለን። ግን ማሽኑ ያረጀ ስለነበር ለሱ የሚሆን ራም እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ከኪሳችን በላይ ነው። በዚህ መሃል ነው ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ የሰፈራችን ልጅ «ለምን ፍላሽ ሰክታችሁ ራም አታደርጉትም?» ያለን። ሳቅን። ያን ጊዜ ፍላሽ ለኛ ሁለት ነገር ነበር፦ ፋይል ማመላለሻ እና የቫይረስ ታክሲ። ኢንተርኔት ካፌ ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ፋይሉን ቢረሳ እንኳ ቫይረሱን አይረሳም። ልጁ ግን አልቀለደም። ቪስታ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ለሕዝብ ገበያ ሲወጣ «ሬዲቡስት» የሚባል ዘዴ ይዞ ነበር፤ ሥራውም ፍላሽን ለኮምፒውተሩ ካሽ ማድረግ ነው። ልጁ የተሳሳተው አንድ ቃል ላይ ብቻ ነው። ፍላሹ ራም አይሆንም። ልዩነቱን ሳንረዳ ግን ነገሩን መጠቀምም መናቅም አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱን።

ኮምፒውተር የሚሠራበትን ነገር የሚያስቀምጠው በዋናነት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ራም ነው፤ ወጥ ስትሠሩ ምድጃው አጠገብ እንደምትደረድሩት ጨውና በርበሬ፣ እጅ ሲዘረጋ የሚገኝ። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ እሱ መርካቶ ነው። ሁሉም ነገር አለ፣ ግን መሄድ አለ፣ መመለስ አለ። ራም ሰፊ ከሆነ ችግር የለም። ጠባብ ከሆነ ግን አንድ ነገር ለማስቀመጥ ሌላው መነሳት አለበት፤ የተነሳው ነገር ከደቂቃ በኋላ ይፈለጋል፣ እንደገና መርካቶ ይኬዳል። የኛ ማሽን ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመው ሥራ ስለበዛበት አልነበረም፤ መንገድ ስለበዛበት ነው።

መንገዱ ምን ያህል ነው? ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሃን አለ። የተለመደው በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። የሚፈለገው ነገር መርፌው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጥበቃ አለ፤ መርፌው ራሱ ወደ ቦታው እስኪሄድ ደግሞ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨመራል። በድምሩ ወደ 12.5 ሚሊሰከንድ እንበል። ይህ ማለት ዲስኩ በየቦታው የተበታተኑ ጥቃቅን ነገሮችን ሲለቅም በሰከንድ 80 ያህል ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። ፍላሽ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ነገር የለም። ሬዲቡስት አንድን ፍላሽ ለመቀበል የሚጠይቀው ዝቅተኛ ፍጥነት፣ የተበታተኑ የ4 ኪሎባይት (ከ4 ኪሎ ጋር እንዳይምታታ) ቁራጮችን በሰከንድ እስከ 2.5 ሜጋባይት ማንበብ ነው። ሲሰላ 640 ቁራጭ በሰከንድ ይሆናል። ከዲስኩ ስምንት እጥፍ!

ከመደሰታችን በፊት ግን ራምን እንይ። ራም የተጠየቀውን ለማቀበል የሚወስድበት 100 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ይህን በሰው ልክ እናድርገው። ራም የጠየቅነውን በ1 ደቂቃ ቢያቀብለን ኖሮ፣ ያ ዝቅተኛውን ፈተና ያለፈ ፍላሽ የሚያቀብለን በ11 ቀን፣ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ በ87 ቀን በሆነ ነበር። እንግዲህ ፍርዱን ራሳችሁ ስጡ። 87 ቀን ከሚጠብቅ 11 ቀን የሚጠብቅ እጅግ ይሻለዋል። 11 ቀን የሚያስጠብቅን ነገር «ራም ነው» ብሎ መጥራት ግን ቃሉን ማርከስ ነው።

ታዲያ ካሽ ምንድነው? የሰፈር ሱቅ ነው። ባለሱቁ መርካቶ ያለውን ሁሉ አይዝም፤ መያዝም አይችልም። የሚይዘው ሰፈሩ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ነው፦ ስኳር፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ዘይት። አንድ ቁንጣሪ ጨው ለመግዛት መርካቶ የሚሄድ ሰው የለም። ኩንታል ጤፍ የሚገዛ ሰው ግን የሰፈር ሱቅ ደጃፍ አይቆምም፤ እህል በረንዳ ይሄዳል። ሬዲቡስትም ልክ እንዲህ ያስባል። ጥቃቅንና የተበታተነ ጥያቄ ሲመጣ ከፍላሹ ያቀብላል። ረጅምና ተከታታይ ፋይል ሲመጣ፣ ለምሳሌ ፊልም፣ ፍላሹን አልፎ በቀጥታ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ዲስክ አንዴ ቦታው ከደረሰ በኋላ በተከታታይ ሲያነብ በዩኤስቢ ከተሰካ የያኔ ፍላሽ ይፈጥናልና። ይህን ያልተረዳ ሰው ፍላሹን ሰክቶ ትልቅ ፊልም ይገለብጥና «ምንም ለውጥ የለውም» ይላል። ሱቁን ኩንታል ጤፍ ጠይቆ ባዶ እጁን እንደተመለሰ ሰው ነው።

እኛም ሞከርን። መጀመሪያ የሰካነው አንዳችን ከአንድ ስብሰባ በስጦታ ያገኘውን ፍላሽ ነበር። ቪስታ ለጥቂት ሰከንድ መረመረውና «ፍጥነቱ ለዚህ ሥራ አይመጥንም» የሚል መልስ ሰጠ። ይህን ወደድንለት። በገበያችን ላይ ያለ ነገር ሁሉ በስቲከሩ በሚታመንበት ዘመን፣ ስቲከሩን ትቶ ዕቃውን የሚፈትን ነገር አገኘን። ሁለተኛው፣ ባለ 1 ጊጋባይቱ፣ አለፈ። መጠኑም ተስማሚ ነበር፤ የሚመከረው ከራሙ እኩል እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፣ ከ256 ሜጋባይት በታች ደግሞ ጭራሹን አይቀበልም። ቪስታ ላይ ጣሪያው 4 ጊጋባይት ነበር።

ማሽኑ ፈረስ ሆነ ብለን አንዋሽም። አከፋፈቱ ላይ ብዙም የተለወጠ ነገር አላየንም። ወርድ ፊደል የሚተይብበት ፍጥነትም ያው ነው፤ ያንን የሚወስነው ጣታችን ነው። የተለወጠው መሸጋገሪያው ነበር። ከጽሑፉ ወደ ፎቶው፣ ከፎቶው ወደ ጽሑፉ ስንመለስ የነበረው ረጅም ዝምታ አጠረ። ማጉረምረሙም ቀነሰ። ያ ዝምታ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። መብራት ባለበት ቀን ማታ ላይ ሁለት ሦስት ገጽ ተርፎን እናገኝ ጀመር። ሁለት ሦስት ገጽ የአንድ ምሳ ዋጋ ነበር።

በጊዜው በውጭ አገር የተሠራ አንድ ሙከራ የኛን ስሜት በቁጥር ያስቀምጠዋል። 512 ሜጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ 11.7 ሰከንድ ይፈጅ የነበረ አንድ ሥራ፣ 1 ጊጋባይት ፍላሽ ለሬዲቡስት ሲሰጠው ወደ 2 ሰከንድ ወረደ። ፍላሹን ትተው ራሙን ወደ 1 ጊጋባይት ሲያሳድጉት ግን 0.8 ሰከንድ ሆነ። የነገሩ ሁሉ እውነት እዚህ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ አለ። ፍላሹ ጠቅሟል፣ ያውም በጣም። ራሙ ግን ከፍላሹ ይበልጣል። ራም የጠገበ ማሽን ላይ ደግሞ ፍላሹ የሚጨምረው ነገር አይታይም፤ ጓዳው ሞልቶ የተረፈ ሰው ሱቅ ምን ያደርግለታል?

ከፍጥነቱ በላይ ግን የማረከን ሌላ ባሕርይው ነው። ፍላሹ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ቅጂ ነው። ዋናው ከዲስኩ አይነቃነቅም። ፍላሹን መሃል ላይ ብትነቅሉት ማሽኑ ይዘገያል እንጂ ፋይል አይጠፋም፤ ሱቁ ቢዘጋ መርካቶ አለና። ፍላሹ ቢሰረቅም ሌባው የሚያነበው ነገር የለም፤ በላዩ የሚጻፈው ሁሉ ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው። መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም በሚልበት ሰፈር ለሚኖር፣ በላዩም የሰው መመረቂያ ጽሑፍ በአደራ ለያዘ ሰው፣ ይህ ከፍጥነት ይበልጣል።

ይህን የምንለው ሁሉም የካሽ ዓይነት እንዲህ ጨዋ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንቴል አንድን ኤስኤስዲ ለሃርድ ዲስክ ካሽ የሚያደርግ ዘዴ ሲያወጣ ሁለት አማራጭ ሰጠ። በአንደኛው የሚጻፈው ነገር ፍላሹም ላይ ዲስኩም ላይ እኩል ይሰፍራል። በሁለተኛው መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ይጻፍና ወደ ዲስኩ በኋላ ይሻገራል። ሁለተኛው ይፈጥናል፤ ግን ሳይሻገር ፍላሹ ቢበላሽ ያልተሻገረው አብሮ ይሄዳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ፊውዥን ድራይቭ ደግሞ 128 ጊጋባይት ፍላሽን ከ1 ቴራባይት ዲስክ ጋር እንደ አንድ አጋባቸው። እዚያ ላይ ቅጂ ሳይሆን ዋናው ራሱ ነው ከዲስክ ወደ ፍላሽ የሚዘዋወረው፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ትዳሩ ይፈርሳል። ባለሱቁ ቅጂ ነው የያዘው ወይስ ያለንን ብቸኛ ዕቃ? ይህ ጥያቄ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ከሚለው ቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ፍላሽ ራሱ ረጅም መንገድ የመጣ ነገር ነው። ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ ቶሺባ ውስጥ ሆኖ የፈጠረውን ይህን ማስታወሻ ለዓለም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ስሙም የመጣው ከካሜራ ብልጭታ ነው ይባላል፤ የተጻፈበት ሁሉ በአንድ ብልጭታ ስለሚደመሰስ። ያ ነገር መጀመሪያ የዲስክ ረዳት፣ ቀጥሎ የዲስክ ሚዜ፣ በመጨረሻ ራሱ ዲስክ ሆነ። ካሽ ለመሆን የተሠሩ ብዙ ዕቃዎችም በየመንገዱ ቀሩ። ኢንቴል በ2007 ያወጣው ተርቦ ሜሞሪ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። በ2017 ለዚሁ ሥራ የመጣው ኦፕቴን ሜሞሪ፣ እጅግ ፈጣን ቢሆንም፣ ኩባንያው በ2022 መላውን የኦፕቴን ሥራ እንደሚዘጋ አስታወቀ። የገደላቸው ስንፍና አይደለም። ኤስኤስዲ ሲረክስ ሰው «መርካቶን ራሱን ሰፈሬ አምጡልኝ» አለ፣ መጣለትም።

እንግዲህ ወደ ዛሬ እንምጣ። ዛሬም «ፍላሽ ሰክታችሁ ኮምፒውተራችሁን አስር እጥፍ አፍጥኑ» የሚሉ ቪዲዮዎች በየስልኩ ይዘዋወራሉ። ተማሪዎች እየላኩልን «እውነት ነው?» ይሉናል። መልሳችን ይህ ነው። ማሽናችሁ ኤስኤስዲ ካለው ዊንዶውስ ሬዲቡስትን ለመጀመርም ፈቃደኛ አይሆንም፤ ዲስኩ ከፍላሹ ስለሚፈጥን ትርጉም የለውም። ማሽናችሁ ሃርድ ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ራሙ ሞልቶ፣ ዲስኩም ከመቶ መቶ እየሠራ ከሆነ በሽታው ታወቀ። ያኔ ገንዘባችሁን ለፍላሽ አታውጡ። የሃርድ ዲስኩን ቦታ ለትንሽ ኤስኤስዲ ስጡት፤ በሰከንድ 80 ጊዜ ይመላለስ የነበረው በሺዎች ይመላለሳል። ከዚያ የተረፈ ካለ ራም ጨምሩ። ፍላሹ የሚጠቅመው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ሃርድ ዲስክና ጠባብ ራም ያለው፣ ደህና ፍላሽ በእጁ ያለ፣ ሌላ ለመግዛት ግን ዛሬ አቅም የሌለው። ያ ሰው አያፍር። ይሰካው። ቅጂ ነው፤ የሚጠፋበት ነገር የለም።

ይህን ዛሬ መጻፍ ያስፈለገን ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ ነባር ማሽኖችን በር ላይ ይመልሳል። «አሮጌ ነው፣ ጣሉት» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው እየመጣ ነው። ምክሩን የሚሰጡት ግን ጥለው መግዛት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ሊኑክስን ለጫነ ሰው ያ አሮጌ ማሽን ዛሬም ይጽፋል፣ ያነባል፣ ያስተምራል። ፍላሽን ለዲስክ ካሽ የማድረግ ዘዴም ሊኑክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቤተኛ ነው። አንድ ማሽን ሞተ የሚባለው መሥራት ሲያቅተው እንጂ ማስታወቂያ ሲወጣበት መሆን የለበትም።

ያን ማሽን ከዓመታት በኋላ ለአንድ ተማሪ ሰጠነው፤ ያኔ ራሙም አድጎ ነበር፣ ፍላሹም ወደ ቀድሞ ፋይል ማመላለስ ሥራው ተመልሷል። ለሚቀጥለው ባለቤት የነገርነው ለናንተም ይሁን። «ይህ ነገር ኮምፒውተርህን ያፈጥናል» የሚል ሰው ሲመጣ ሁለት ነገር ጠይቁት። የትኛውን መንገድ ነው የሚያሳጥርልኝ? ዋናው ዕቃዬስ የት ነው የሚቀመጠው? ሁለቱን ከመለሰላችሁ ዋጋውን ተነጋገሩ። ካልመለሰላችሁ ካሻችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አስቀሩት።